ይሉኝታ የማያውቀው ልጄ፦ አንዳንድ ልጆች ያልተነገረውን ለምን አይሰሙም?

ልጄ 6 ዓመቱ ነበር። ከጎረቤት የተዋስነውን መጥበሻ ልንመልስ አብረን ሄድን። ምሳ ላይ ደረስንባቸው። እትዬ በሩን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ከፈቱልን፤ ጣቶቻቸው ወጥ ነክተዋል። «ውይ፣ በሰዓቱ መጣችሁ! ኑ እንብላ!» አሉን። እኔም እንደ ወጉ «ይባረክ እትዬ፣ አሁን በልተን ነው የወጣነው» አልኩ። ልጄ ግን ጫማውን አውልቆ ገባ። እጁን ታጥቦ መጣና መሶቡ አጠገብ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እማ፣ እኛ እኮ አልበላንም» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ሳቁ፣ እኔም እየተሽኮረመምኩ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማታ ለባለቤቴ «ይሄ ልጅ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም» ስል ድምፄ ውስጥ እንባ ነበር።

አሁን 12 ዓመቱ ነው። ያን ቀን ባፈርኩበት ነገር ዛሬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ለምን እንደሆነ እንድትረዱኝ ግን መጀመሪያ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ማስረዳት አለብኝ። እኔ ራሴ እስኪገባኝ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

እስቲ «እንብላ» የምትለዋን ቃል እንያት። አንዳንዴ የእውነት ግብዣ ናት። አንዳንዴ ወግ ናት፤ ማዕድ ላይ ያለ ሰው ሳይላት ቢቀር ነውር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከምግቡ ጋር ምንም አያገናኛትም፤ «አይቼሃለሁ፣ የቤት ሰው ነህ» ማለት ናት። ቃሏ ያው ናት። ልዩነቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ ነው፣ ትሪው ላይ የቀረው እንጀራ ላይ ነው። ሰውየው ብድግ ማለት አለማለቱ ላይም ነው። ስንት ጊዜ እንደተባለችም ይቆጠራል። አንዴ ከተባለች ወግ ልትሆን ትችላለች። ሦስቴ ተብላ እጅ ከተያዘ ግን የእውነት ናት።

ይህን ማን አስተማረን? ማንም። አብዛኛው ልጅ ቁጭ ብሎ ሳይማረው፣ ትልልቆቹን እያየ፣ ሳያውቀው ይለምደዋል። የቋንቋ ባለሙያዎች ፕራግማቲክስ ይሉታል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው። ተናጋሪው በዚያ ቃል ምን ሊል እንደፈለገ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን የምናደርገው እንደ እርምጃ ነው። ስንራመድ «አሁን ግራ እግሬን፣ አሁን ቀኝ እግሬን» አንልም።

አንዳንድ ልጆች ግን ይህን እርምጃ እያንዳንዷን እያሰቡ ነው የሚራመዱት። ፊትን ለብቻው ያያሉ፣ ድምፅን ለብቻው ይሰማሉ፣ ቃሉን ለብቻው ይይዛሉ። ከዚያ ሦስቱን ለማገጣጠም ይሞክራሉ። አገጣጥመው ሲጨርሱ ጨዋታው ሌላ ቦታ ሄዷል። እኛ ከውጭ ሆነን ስናያቸው «ፈዘዘ»፣ «ደረቅ ነው»፣ «ሰው አይወድም» እንላለን። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት ውስጡ ከሁላችንም በላይ እየሠራ ነው።

አማርኛ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ቀላል ቋንቋ አይደለም። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሰዎች ነን። ወርቁን ከሰሙ ሥር የሚደብቅ ሰው ሲናገር እናደንቃለን። በዕለት ተዕለት ወሬያችንም እንዲሁ ነን። «እናያለን» ስንል ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለታችን ነው። «ምነው ጠፋህ?» ጥያቄ አይደለም፤ ናፍቆት ነው። ልጄ ግን «አልጠፋሁም፣ ቤት ነበርኩ» ብሎ ይመልሳል። ለትልቅ ሰው «እርስዎ» በል ስንለው «ትልቅ ማለት ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አያቱ ሳያስቡት «ከአንተ የሚበልጥ ሁሉ» አሉት። ለወራት ከእሱ በአንድ ዓመት የምትበልጠውን የአጎቱን ልጅ «እርስዎ» ሲላት ከረመ። ሌሎቹ ልጆች ሲስቁበት ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። የተሰጠውን ሕግ ነው በትክክል የፈጸመው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን «በሞቴ» ነው። አክስቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጋበዘችን። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ አቀረበች። ልጄ ጉርሻ አይችልም። የሌላ ሰው እጅ የነካው እርጥብ እንጀራ አፉ ውስጥ ሲገባ ያቅለሸልሸዋል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሳበ። እሷም በፍቅር «በሞቴ! በሞቴ ብላ!» አለችው። አልበላም። ማታ አልጋው ጋ ስሄድ ትራሱ ረጥቦ አገኘሁት። «እማ፣ አክስቴ መቼ ነው የምትሞተው?» አለኝ። ጉርሻውን ባለመብላቱ የገደላት መስሎት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ሲያለቅስ ነበር።

እኔ ያን ሌሊት ነው የነቃሁት። ይሄ ልጅ ሰው የማይወድ ልጅ አይደለም። እንዲያውም የምንለውን ቃል እኛ ከምናምነው በላይ ያምነዋል።

ሰላምታም ሌላው ፈተናችን ነው። እኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ፣ አራቴ መሳሳም አለ። ትከሻ ለትከሻ መጋጨት አለ። ልጄን የመሰሉ ብዙ ልጆች ደግሞ ንክኪ፣ ድምፅ፣ ሽታ ከሌላው ሰው በላይ ይሰማቸዋል። የልብስ ማርክ አንገታቸውን እንደ እሾህ ይወጋቸዋል። የብሌንደር ድምፅ ጆሯቸውን ያማቸዋል። ለእኛ ቀለል ያለች የሽቶ ሽታ ለእነሱ ክፍሉን ሙሉ ትይዘዋለች። ስለዚህ አንዲት ዘመድ ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ስትስመው ፍቅር ነው የሰጠችው፤ እሱ ጋ የሚደርሰው ግን ከፍቅሩ በፊት ሽቶው፣ የጆሮ ጌጡ ብርድ እና መተንፈስ ማቃቱ ነው። ሲገፋት «ባለጌ» ይባላል።

ስሙን ማወቅ

ጠበል ወስደነዋል። እናቴ ናት የወሰደችን፣ እኔም አብሬ ጸልያለሁ። ጸሎቱ አጽናናኝ። በኋላ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም፤ ይህን የምለው በሁለቱ መካከል የሚጨነቁ እናቶች ስለማውቅ ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘልን የጆሮ ምርመራ ነው። ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። በደንብ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ ዝም ይላል፤ ጨዋታም ያመልጠዋል። የልጄ ጆሮ ጤነኛ ነበር። ከዚያ አንዲት የዘርፉ ባለሙያ አብራው እየተጫወተች አየችው። እኛንም ስለ ልጅነቱ ብዙ ጠየቀችን። በሁለተኛው ቀጠሮ ኦቲዝም መሆኑን ነገረችን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልበል። ሰው መሃል የሚቸገር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ዓይናፋር ልጅ ወጉን ያውቀዋል፣ ግን ይፈራል። ሲለምድ ይፈታል። ከባድ የማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ልጅ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ ይበላዋል፤ ይሉኝታው ከልክ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። ትኩረቱ ቶሎ የሚበተን ልጅ ተራውን ሳይጠብቅ የሚያቋርጠው ወጉ ጠፍቶት ሳይሆን መቆየት ስላልቻለ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም የሚባለው በማኅበራዊ ግንኙነት መቸገር ብቻውን አይደለም። ከእሱ ጋር ተደጋጋሚ ነገርን መውደድ፣ ለውጥን መጥላት፣ አንድ ርዕስ ውስጥ ጠልቆ መግባት ወይም የስሜት ሕዋሳት መቆጣት ይኖራል። ሁለቱም ከልጅነት ጀምሮ መታየት አለባቸው። ሌላም ልጅ አለ። ከእነዚህ አንዱንም የማይሞላ፣ ስም የማያስፈልገው፣ በቃ ለየት ያለ ልጅ። እሱም የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል።

ለእኛ አገር ወላጅ ደግሞ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ዓይን ለዓይን አለመተያየት በሌላ አገር ቶሎ ጥያቄ ያስነሳል። እኛ ጋ ግን ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ጨዋ ይባላል። ዝም የምትል ሴት ልጅማ ትመሰገናለች። «እንዴት ያለች ጭምት!» እየተባለች፣ ውስጧ እየተጨነቀ፣ ማንም ሳይጠይቃት ታድጋለች። በዓለም ላይም ሴት ልጆች ከወንዶች ዘግይተው እንደሚታወቁ፣ ሌሎቹን እያዩ በመኮረጅ ችግራቸውን እንደሚሸፍኑ ባለሙያዎች ይናገራሉ። የእኛው ምስጋና መሸፈኛውን ያወፍረዋል ብዬ አስባለሁ።

ስሙ ራሱ ረጅም መንገድ ነው የመጣው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 በአሜሪካ ስለ 11 ልጆች ጻፈ። በዓመቱ ሃንስ አስፐርገር በቪየና ተመሳሳይ ጽሑፍ አወጣ። ከሁለቱም ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድማ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች ሐኪም በሞስኮ እንዲህ ያሉ ልጆችን ገልጻ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ያስታወሳት አልነበረም። በ1981 እንግሊዛዊቷ ሎርና ዊንግ የአስፐርገርን ሥራ በእንግሊዝኛ አስተዋወቀች። እሷ ሐኪም ብቻ አልነበረችም፤ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናትም ነበረች። በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያውን ሲያድስ አስፐርገር የሚለው ስም ለብቻው መቆሙ ቀረና ሁሉም «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ጥላ ሥር ገባ። ስፔክትረም ማለት ከትንሽ እስከ ትልቅ የተሰለፈ መሰላል ማለት አይደለም። አንዱ ልጅ ንግግር ይከብደዋል፣ ሌላው ድምፅ፣ ሌላው ለውጥ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስቆጣኝ አንድ ምዕራፍ አለ። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የእናት ነው ተብሎ ነበር። ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለው ሰው በ1960ዎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ስላልወደዱ ነው የሚለውን አስተሳሰብ በሰፊው አሰራጨ። ሐሰት ነው። ኦቲዝም አእምሮ ሲያድግ ከመነሻው የሚይዘው መንገድ ነው፤ የዘር ድርሻው ትልቅ ነው። በክትባት ይመጣል የሚለውም ሐሰት ነው። ያንን ወሬ የቀሰቀሰውን የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ይህን የምጽፈው በእርግዝናዬ ወቅት ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ያሳለፍኳቸውን ሌሊቶች ሌላ እናት እንዳታሳልፋቸው ነው።

እኛ አገር ይህን ሸክም በአደባባይ የተሸከመችው ዘሚ የኑስ ናት። ልጇ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስታጣ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ከፈተች። የፊደላችንን ድምፆች ይዛ መናገር ያልቻሉ ልጆችን የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፈች። ከጆይ በኋላ የተከፈተ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። እኔ በቀላሉ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብዬ መናገር የቻልኩት እሷ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ቀድማ ስለተናገረች ነው። ደግሞም አልዘነጋም። የእኔ ልጅ ይናገራል፣ ይማራል፣ ራሱን ይጠብቃል። ቀንና ሌሊት ከልጃቸው አጠገብ መራቅ የማይችሉ ወላጆች አሉ። የእኔ ምስጋና የእነሱን ድካም የሚያቀል መስሎኝ አይደለም የምጽፈው።

የማን ነው ስህተቱ?

አንድ ጥናት አለ፤ ሁሌ ለሰው የምነግረው። በመጀመሪያ ግን ሐሳቡን። ዴሚየን ሚልተን የተባለ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ጥያቄ አነሳ። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ስሜት ማንበብ ያቅተዋል እንላለን። እሺ፤ ሌላውስ ሰው የእሱን ስሜት ያነብባል? እሱ ሲፈራ፣ ሲደሰት፣ ሲጨነቅ እናውቅለታለን? ብዙውን ጊዜ አናውቅም። እንግዲህ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ «አልገባውም» የሚባለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈተኑት። ልጆች ሆነን በሰልፍ ተቀምጠን ወሬ በጆሮ እንደምንቀባበለው ዓይነት ነው። ስምንት ስምንት ሰዎች አሰለፉ። የመጀመሪያው ሰው ታሪክ ይሰማል፣ ለሁለተኛው ይነግራል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው። አንዳንዱ ሰልፍ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ብቻ ነበር። አንዳንዱ የሌለባቸው ብቻ። አንዳንዱ ደግሞ ተቀላቅሎ። ኦቲዝም ያለባቸው ብቻ የተሰለፉበት ታሪኩን ልክ ኦቲዝም እንደሌለባቸው ሰዎች በደንብ አቀባበለ። ታሪኩ ይበልጥ የጠፋው በተቀላቀለው ሰልፍ ነው።

ይህን ሳነብ የልጄ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። «ልጅዎ ከልጆች ጋር መግባባት አይችልም፣ ሌላ ቦታ ይፈልጉለት» ብለው ሸኙን። አሁን ባለበት ትምህርት ቤት ስለ ከተማ አውቶቡስ መስመሮች ብቻ የሚያወራ ጓደኛ አገኘ። አንዱ ስለ አውቶቡስ ያወራል፣ ሌላው ስለ ቀን መቁጠሪያ። ተራ ይሰጣጣሉ። ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቀመጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሲመጣ ሁለቱ ሳይሳሳሙ፣ «እንዴት ነህ» ሳይባባሉ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሳቃቸው ግን እስከ ኩሽና ይሰማል። መግባባት የማይችል ልጅ እንዲህ አይስቅም።

እኔም ቤት ውስጥ ልማዴን ቀየርኩ። «ጨዋ ሁን» ማለት ተውኩ። ምን ማለት እንደሆነ አያውቀውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ አልችልም። በምትኩ እነግረዋለሁ። «እንግዶች ይመጣሉ። አምስት ናቸው። እጅህን ትዘረጋለህ፣ መሳም አይጠበቅብህም። ከደከመህ መኝታ ቤት ገብተህ በሩን ዝጋ፣ ማንም አይቆጣህም።» ለዘመዶቼም በግልጽ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ አኮረፉ። ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ተውኳቸው። ሰው መምሰል በጣም ያደክመዋልና። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት እንደ ሌላው ልጅ ለመሆን ሲታገል ውሎ ቤት ሲደርስ ቦርሳውን ጥሎ የሚጮህበት ዘመን ነበር። ጥጋብ መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ። ምነው ያንን ባላደረግኩ እላለሁ ዛሬ።

ድንኳኑ ውስጥ

ልጄ የሚወደው ነገር የቀን መቁጠሪያ ነው። ከግድግዳው ካላንደር ጀመረ፤ ዲያቆን የነበሩት አያቱ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት አስጀመሩት። ሰው ሲተዋወቅ ስሙን አይጠይቅም። «የተወለዱት መቼ ነው?» ይላል። ከዚያ ቀኑን ይነግራል። ማክሰኞ፣ ዘመነ ሉቃስ።

ከሁለት ዓመት በፊት የእነዚያ የ«እንብላ» እትዬ ባለቤት አረፉ። ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ዝም ብሏል። እየገባ «እግዜር ያጽናዎት» እያለ ይቀመጣል። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከ«አሜን» በቀር ብዙም አልተናገሩም አሉ። ልጄ ከአጠገቤ ተነሳ። ልይዘው እጄን ስዘረጋ አመለጠኝ። ፊታቸው ቆሞ «ጋሼን መቼ ነው ያገቧቸው?» አላቸው።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ።

እትዬ ቀና አሉ። «ጥር 17 ቀን 62 ዓ.ም.» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጄ የድንኳኑን ጣሪያ አየ። ሲያስብ ሰው አያይም። «እሑድ ነበር» አለ። «ዘመነ ማርቆስ።»

ይህ አስማት አይደለም፤ ስሌቱን አሳይቶኛል። ወራችን 30 ቀን ነው። 30 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ ወር በተቀየረ ቁጥር ዕለቱ በሁለት ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 1962 ሐሙስ ነበር። እስከ ጥር አራት ወር ነው፤ አራት ጊዜ ሁለት ስምንት፣ ማለትም አንድ ሳምንት ከአንድ ቀን። ጥር 1 ዓርብ ይሆናል፣ ጥር 15ም ዓርብ፣ ጥር 17 እሑድ። ዘመኑ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 1962 ሲደመር 7462 ነው። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ።

እትዬ ግን ስሌቱን አልጠየቁም። «እሑድ ነበር» አሉ። «አዎ፣ እሑድ። ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ በጥር! ሚዜዎቹ ጭቃ ውስጥ ሲወድቁ እሱ…» ብለው ቆሙ። ከዚያ ቀጠሉ። ጋሼ አዲስ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው እንደመጡ አወሩ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሲስቁ እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቃቸው መሃል ደግሞ አለቀሱ። ልጄ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም በጋሼ ሞት ልናጽናና ነበር የመጣነው። ስለ ሕይወታቸው የጠየቀ ግን እሱ ብቻ ነበር። እኛ «ምን ይሉኛል» ስንል የማንጠይቀውን ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ስነግር ሰው ቶሎ «ጂኒየስ ነው!» ይላል። አይደለም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ መካከለኛ ነው። የጫማ ክር ማሰር በ10 ዓመቱ ነው የቻለው። እንዲህ ያለ ልዩ ችሎታ የሌላቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ይበልጣሉ። «ለየት ያለ ልጅ ሁሉ የተደበቀ ሊቅ ነው» የሚለው ወሬ ወላጅን የሚያጽናና ይመስላል። ልጁን ግን ሌላ ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለመወደድ ችሎታ ማሳየት አለበት ማለት ነው። ልጄ ነገ ቀን መቁጠሪያውን ቢተወው ምስጋናዬ አይቀንስም።

የማመሰግነው ሌላ ነገር ነው። እኔ ይሉኝታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ሳልፈልግ «እሺ» ስል፣ ርቦኝ «በልቻለሁ» ስል፣ ተከፍቼ «ምንም አይደለም» ስል ነው የኖርኩት። ይሉኝታ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው በእሱ ተከባብሮ ይኖራል። ግን ከእሱ ጋር ስኖር የምለውና የሚሰማኝ ተለያይተው እንደቀሩ አላስተዋልኩም ነበር። ልጄ ግን ሌላ መንገድ ስለሌለው በየቀኑ ያስተውልብኛል። እሱ ዘንድ ቃል ቃል ነው። ስለዚህ እሱን ለማነጋገር የምለውን ማለት ነበረብኝ። መጀመሪያ ለእሱ ብዬ ጀመርኩት። ቀስ በቀስ ባለቤቴን፣ እናቴን፣ መሥሪያ ቤት ያሉትንም እንደዚያ ማነጋገር ጀመርኩ።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። «እማ፣ አንቺ ሁልጊዜ ደህና ነሽ። ስታለቅሺም ደህና ነሽ። ታዲያ ደህና ምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ተቀምጠን ተስማማን። «እንዴት ነሽ?» ቀርቶ «ከ10 ስንት ነሽ?» እንባባላለን። መዋሸት አይፈቀድም። 10 ማለት ፋሲካ ጠዋት ማለት ነው። 1 ማለት አያቱ የሞቱበት ቀን።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ዘግይቼ ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሶፋው ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከክፍሉ የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣ።

«ከ10 ስንት ነሽ?»

«3» አልኩት።

ትንሽ ቆመ። ኩሽና ሄደ። አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥቶ እጄ የሚደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጠ። አላቀፈኝም። የሶፋው ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ እሱ በሚመቸው ርቀት፣ ባትሪውን ወደ ወለሉ አብርቶ ተቀመጠ።

«5 ስትደርሺ ንገሪኝ» አለኝ።